ያለ ኔትወርክ የተሠራ ፈተና እየጠፋብን ነው፤ መላ በሉን

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ያለሁት መሐል ሜዳ ነው፤ የርቀት ተማሪዎችን በሙድል (ትምህርትና ፈተና በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሶፍትዌር) አስተምራለሁ። አብዛኞቹ በመንዝ ገጠር ተበትነው ያሉ ናቸው። ኔትወርክ የሚያገኙት ለገበያ ከተማ ሲወጡ ነው፤ እሱም መብራት ካለ ነው፣ መብራት ሲሄድ ታወሩም አብሮ ይሞታል። ላፕቶፕ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም የሚማረው በአነስተኛ አንድሮይድ ስልክ ነው።

የትምህርቱን ነገር እንደምንም ተወጥተነዋል። ቪዲዮውን ትተን ድምፁን ብቻ በኦፐስ (ድምፅን አሳንሶ የሚያስቀምጥ ፎርማት) በሰከንድ 24 ኪሎቢት ስናደርገው የአንድ ሰዓት ትምህርት 11 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሙድል መተግበሪያ አውርደው ቤታቸው ይሰሙታል።

ያስቸገረኝ ፈተናው ነው። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ፈቅጃለሁ፤ የሰዓት ገደቡንና የኔትወርክ አድራሻ ገደቡን አንስቻለሁ፤ መልስ የሚታየውም መጨረሻ ላይ ነው። እነዚህ ካልተስተካከሉ ጭራሽ ከመስመር ውጪ አይሠራም። ችግሩ የሚመጣው ተማሪው ቤቱ ሠርቶ ገበያ ሲወጣ ነው። የራሱ ስልክ ባትሪ ያልቅበታል፣ የጓደኛውን ተውሶ ይገባል፣ የጀመረው ፈተና ባዶውን ይከፈትለታል፣ ደንግጦ «አስረክብ» የሚለውን ይነካል። በኋላ የራሱ ስልክ ሲገናኝ ፈተናው ሰርቨሩ ላይ ስለተዘጋ መተግበሪያው ቤት የሠራውን በሙሉ ይጥለዋል።

መልሱ ከመጣሉ በፊት ከስልኩ የሚወጣበት መንገድ አለ? በሌላ ስልክ እንዳይከፈት ማድረግስ? ወይስ ሙድልን ትቼ ኮሊብሪን (ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት ሶፍትዌር) በአንድ ላፕቶፕ ጭኜ በዋይፋይ ባዳርስ ይሻላል? ገጠር ላይ የሞከራችሁት ካላችሁ፣ በእናታችሁ፣ የፈተናው ሳምንት ሳይደርስ ንገሩኝ።