ሃይሉክስ 2 ኬዲ፦ ፒ 1229 ኮድ ሲወጣ ፓምፑ ይቀየር?

ሃይሉክስ_ሀዋሳ፦
የ2010 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ሃይሉክስ፣ 2.5 ሊትር ናፍጣ፣ 2 ኬዲ የሚሉት ሞተር። ዳገት ላይ ድንገት ጉልበት ታጣለች፣ የሞተር መብራት ይበራል፤ አጥፍቼ ሳስነሳት ደህና ትሆናለች። ጠዋት ደግሞ ሞተሪኖው ብዙ ካልዞረ አትነሳም። ስካነሩ ፒ 1229 አወጣ። ጋራዡ "ፓምፑ ይቀየር" ይላል። ከመግዛቴ በፊት ምን ላረጋግጥ?

ፓምፕ_ሠሪ፦
ወንድሜ፣ ገና አትግዛ። ይህ ኮድ የሚወጣው ሬይሉ (ፓምፑ የገፋውን ናፍጣ ለኢንጀክተሮቹ የሚያካፍለው ወፍራም ቱቦ) ውስጥ ያለው ግፊት ኮምፒውተሩ ካዘዘው በላይ ሲሆን ነው። የደከመ ፓምፕ ግፊት ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓምፑ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረው የናፍጣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ ኤስሲቪ የሚሉት ነው። ውሃና ቆሻሻ ሲነካው ይጣበቃል፣ በቶሎ አይዘጋም።

በስካነር የታዘዘውንና በተግባር ያለውን ግፊት ጎን ለጎን እይ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 30 ሜጋፓስካል አካባቢ ይሆናል። በተግባር ያለው የታዘዘውን እየሳተ ከፍ ዝቅ ካለ ቫልቩን ጠርጥር። ሽቦው 2 ኦም ገደማ መለካቱ ብቻ ነጻ አያወጣውም፤ የሚጣበቀው ውስጡ ያለው ተንሸራታች ነው።

የጠዋቱ ግን ሌላ ችግር ይመስለኛል። ይህች መኪና ሰልባቲዮ ውስጥ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የላትም፤ ናፍጣውን የሚስበው ራሱ ዋናው ፓምፕ ነው። ስለዚህ የላላ ቱቦ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል። በፊልትሮውና በፓምፑ መካከል ውስጡ የሚታይ ቱቦ አስገባ። አረፋ ካለ የፊልትሮውን መግቢያ ከሰልባቲዮ ነቅለህ በንጹህ ጀሪካን ውስጥ ካለ ናፍጣ እንዲስብ አድርገው። አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ከፊልትሮው በፊት ነው፤ ካልጠፋ የፊልትሮውን ራስና የእጅ ፓምፑን ፈትሽ።

የጭነት_መንገድ፦
በትክክል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቫልቩ ሲወጣ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካየህ ፓምፑ ራሱን እየበላ ነውና ያኔ ቫልቭ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሬይሉ፣ ቱቦዎቹና ሰልባቲዮው ሳይታጠቡ፣ ኢንጀክተሮቹም ሳይፈተሹ አዲስ ፓምፕ ብታስር እሱም አይቆይም።

ፓምፑን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ሲቀላቀልበት ቅባቱ ይቀንሳል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ከበርሜል የምትቀዳ ከሆነ ፊልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትር ቀይር። የውሃ መብራት ሲበራ ቆመህ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ቧንቧ ፍታና ጥሩ ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ፓምፑ ግፋ። አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን አትሙላ፤ ያልተጣራው በቀጥታ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

ሃይሉክስ_ሀዋሳ፦
ቫልቩ ብቻውን ይሸጣል?

ፓምፕ_ሠሪ፦
አዎ፣ በሻሲ ቁጥር ግዛ፤ የሚመሳሰሉ ግን የማይገጥሙ አሉ። ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን አጥበህ አድርቅ። የላስቲክ ቀለበቱን በንጹህ ናፍጣ አርጥበህ አስገባ፣ ከዚያ በስካነር የፓምፑን ማስተካከያ አስኪድ። አየሩን በእጅ ፓምፑ ብቻ አውጣ። እንደ አሮጌዎቹ ሞተሮች የኢንጀክተር ቱቦ አላልቶ ሞተር ማዞር እዚህ ክልክል ነው፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው።