ሐዋሳ ጓደኛችን ቤት ልናርፍ ነው፤ ምን ይዘን እንሂድ? ጾሙስ እንዴት ይሆናል?

ጥያቄ፦ የአዳማዋ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። በሴሚስተር እረፍት አምስት ሆነን ሐዋሳ ልንሄድ ነው፤ ሦስት ሴት፣ ሁለት ወንድ። አንዷ የዶርም ጓደኛዬ የሐዋሳ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ሲዳማ ናቸው፣ ሃይማኖታቸው ፕሮቴስታንት ነው። እናቷ ራሳቸው ደውለው "እኔ እያለሁ ልጆቼ ሆቴል አያድሩም" አሉን። ደስ አለኝ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቅ ይዞኛል። እስከ ዛሬ እንግዳ ሆኜ ያደርኩት ዘመድ ቤት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጾሙ። ቅዳሜ እንደርሳለን፣ እሑድ ቅበላ ነው፣ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ረቡዕ ጠዋት እንመለሳለን። እኔ እጾማለሁ። ጓደኛዬ ግን እናቷ ለእንግዳ የሚሠሩት ሁሉ ቅቤ እንዳለበት ነግራኛለች። ሰው ለእኔ ብሎ ለፍቶ ሲያቀርብ "አልበላም" እንዴት ይባላል?

ሁለተኛ፣ አብሮን የሚሄደው የደሴ ልጅ ሙስሊም ነው፤ ሥጋ ቢቀርብ አይበላም። እሱ "ችግር የለም፣ ዳቦ እበላለሁ" ይላል። እኔ ግን እኛ ስንበላ እሱ አራት ቀን ሙሉ ዳቦ ሲቆረጥም ማየት አልፈልግም።

ሦስተኛ ስጦታ። ባዶ እጅ እንደማይኬድ አውቃለሁ። አዋጥተን ብር እንስጣቸው የሚል ሐሳብ መጥቷል፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። የመጨረሻው ማደሪያው ነው። ወንዶቹም እዚያው ቤት ነው የሚያድሩት? እውነቱን ለመናገር ወንዶች አብረውን እንደሚሄዱ ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።

ሐዋሳን የምታውቁ፣ ሲዳማ ቤት እንግዳ ሆናችሁ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ሁለት ሳምንት ነው የቀረን።

መልስ፦ የታቦር ሰፈር ልጅ

እህቴ፣ ሲዳማ ነኝ፣ ያደግኩትም ሐዋሳ ነው። ከምግቡ ልጀምር። የሚቀርብልሽ ቡርሳሜ ሊሆን ይችላል። እናንተ ቆጮ የምትሉትን እኛ ዋሳ እንለዋለን፤ እሱ በደንብ ደቅቆ ይበስልና በቅቤ ይታሻል፣ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ይበላል። ሻፌታ የሚባል የሸክላ ገበታ አለን፤ ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ ከአንድ ላይ ነው የሚበላው። ቅቤው ሲበዛ አትደንግጪ፤ እንግዳ የሚከበረው በእሱ ነው። እንሰት የተብላላ ስለሆነ ሽታ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብልሽ ፊትሽን እንዳታጨማድጂ፣ እናቶች የሚያዩት ፊት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረስሽ በኋላ ትለምጂዋለሽ።

ቀኑን ደግሞ ልብ በይው፤ ዕድለኛ ነሽ። ቅዳሜና እሑድ ፍስክ ነው። ቡርሳሜውን በእነዚህ ሁለት ቀናት አብረሻቸው ብዪ፣ ጠግበሽ ብዪ። ከሰኞ ጀምሮ ጾም እንደሆነ ግን ዛሬውኑ ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ እሷ ለእናቷ ትንገር። ወጡ ውስጥ ቅቤ ከገባ በኋላ ብትናገሪ እሳቸውም ያዝናሉ፣ አንቺም ተርበሽ ታድሪያለሽ። ቀድመው ካወቁ ዋሳው ያለ ቅቤ ይጋገራል፣ ጎመን በዘይት ይሠራል፣ ቦሎቄ አለ፣ አቦካዶ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ጴንጤ ቤት ስለሆነ ጾምሽን አያውቁትም ብለሽ አትስጊ። ሐዋሳ ገብርኤል መሀል ከተማ ነው ያለው፤ የኦርቶዶክስ ጎረቤት የሌለው ቤት የለም።

ዓሣን በተመለከተ፣ በጾም የሚበላ ብዙ ሰው ታያለሽ፤ ብዙ አባቶች ደግሞ በተለይ በዐቢይ ጾም አይፈቅዱም። እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺ፣ ሐይቁ ዳር ቆመሽ አይወሰንም።

መልስ፦ የኮምቦልቻው

ስለ ሙስሊሙ ጓደኛሽ እኔ ልመልስ፤ ሐዋሳ ተምሬያለሁና ደርሶብኛል። "ዳቦ እበላለሁ" የሚለው እናንተን ላለማስቸገር ነው፤ እኔም ስል ነበር። መጀመሪያ ስሄድ ሳልናገር ሄድኩ። የጓደኛዬ እናት ለእኔ ብለው ዶሮ አርደው ጠበቁኝ። ጥብሱን ሳልነካው ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስለዚህ ዶሮው ከመገዛቱ በፊት ይነገር። ሙስሊም ይረደው ቢባል ደግሞ አንቺ አትበዪም፤ አንድ ዶሮ ለሁላችሁ አይሆንም።

የሐዋሳ መፍትሔ ዓሣ ነው። ዓሣ አይታረድም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይበላዋል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ፤ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው የሚመለሱት ያኔ ነው። ቆሮሶ ጥብስና የዓሣ ሾርባ እዚያው ይሠራል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ፤ ለሆዳችሁ አስቡና ጥብሱ ይሻላችኋል። ለቤትም ገዝታችሁ ግቡ፤ እናትየው ይደሰታሉ።

ሌላው ሶላት ነው። የሚሰግድበት ጥግ ቢጠይቅ ነውር የለውም። እኔ ያረፍኩበት ቤት አባትየው ጴንጤ ናቸው፤ ግን ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀውኝ ንጹሕ ምንጣፍ ራሳቸው አነጠፉልኝ። ያን ቀን አልረሳውም። የእነሱ ሥጋ የተሠራበትን ድስት በተመለከተ ሰው ይለያያል። እኔ በደንብ የታጠበ ከሆነ ይበቃኛል፤ ጓደኛሽን ግን ራሱን ጠይቂው።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ቀለለኝ። ስለ ዶሮው ያልከው ልክ የፈራሁት ነገር ነው። ዛሬ ማታ ለጓደኛዬ እነግራታለሁ። ስጦታውና ማደሪያውስ?

መልስ፦ የሐዋሳ እናት

ልጄ፣ እኔ አራት ልጆች አሉኝ፤ ሁሉም ግቢ ገብተው ጓደኛ ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ በእናትየው ቦታ ሆኜ ልንገርሽ።

ብር አትስጡ። ልጄን አምኜ ቤቴን ከፍቼ አስገብቻችሁ ስትወጡ ብር ብትሰጡኝ እንደ አልጋ ቤት ቆጠራችሁኝ እላለሁ። እናትሽ ከጎንደር ሽሮና በርበሬ ይልኩልሻል አይደል? ከእሱ ትንሽ ቋጥረሽ ሂጂ። ቡና አትግዙ፣ ሲዳማ ቤት ቡና አይጠፋም። መጠጥ የሚባል ነገርም አትውሰዱ፤ ቤቱ ጴንጤ ነው ብለሻል። ስትመለሱ ደግሞ እናንተም ባዶ እጃችሁን አትወጡም። ቡና ይሁን አቦካዶ የተሰጣችሁን ተቀበሉ፣ "ተይው፣ ይከብደናል" አትበሉ።

ማደሪያውን በሚመለከት አትጨነቂ፤ ግን ወንዶች እንዳሉ እናትየው ይወቁ። እኔ ብሆን ሴቶቹን ከልጄ ጋር፣ ወንዶቹን ሳሎን ወይም አጎታቸው ቤት አሳድራለሁ። አልጋቸውን ለቀውላችሁ መሬት ሊተኙ ይችላሉ። አንዴ "አይሆንም" በሉ፣ እምቢ ካሉ ግን ተኙበት፤ እንግዳ መሬት ተኝቶ እኛ አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስደንም። ማታ ሳይመሽ ግቡ። ሐይቅ ዳር ከመሸ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፤ እናትየው ግን እስክትገቡ እራት አይበሉም።

ስትደርሱ አባትየው ስለ ቤተሰባችሁና ስለ መንገዱ ይጠይቃሉ። ቸኩላችሁ አትነሱ። ሲዳማ "አፊኒ" የሚባል ነገር አለው፤ "ሰምታችኋል ወይ" እንደማለት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል። ስልክ እየነካካችሁ አትቀመጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቆጣሽ። ለእናትሽ ንገሪያት። የጓደኛሽን እናት ስልክ ስጪያትና ሁለቱ ይነጋገሩ። ድንገት ከሌላ ሰው ብትሰማ ስለ ወንዶቹ ሳይሆን ስለ መደበቅሽ ነው የምታዝነው።

መልስ፦ ሠራተኛው

እናታችን ያሉትን አከብራለሁ፤ ብሩ ላይ ግን ትንሽ ልጨምር። አሁን ባለው ኑሮ አራት እንግዳ አራት ቀን መመገብ ለማንም ቤት ቀላል አይደለም፤ እናቶች ደግሞ አይናገሩም፣ ከሰው ተበድረውም ቢሆን ያቀርባሉ። ሽሮ ብቻ ይዞ መሄድ ለእኔ አይበቃም። እኔና ጓደኞቼ ተማሪ እያለን የምናደርገው እንዲህ ነበር፦ ያዋጣነውን ብር እንይዝና እዚያው ከተማ ስንደርስ 5 ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ ሽንኩርት ገዝተን ነው የምንገባው። በር ላይ "ምነው ልጆች!" ይባላል፣ ግን ወደ ጓዳ ይገባል። ውጭ ስትወጡም የጓደኛችሁን ታናናሾች ይዛችሁ ውጡ፣ ጁስ ጋብዟቸው።

መልስ፦ የሐዋሳ እናት

ይሄ ልጅ እውነቱን ነው። ዘይቱን ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ፦ የመንገዱ ሰው

አጭር ላድርገው። ከአዳማ ቀጥታ መኪና ካጣችሁ የሻሸመኔ ያዙ፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጎ ነው የሚሄደው። ከሻሸመኔ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪና አይጠፋም። በጠዋት ተነሱ፣ ሌሊት አትጓዙ። ጀልባ ላይ ስትወጡ ጉማሬውን ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ፎቶ ለማንሣት ባለጀልባውን "ጠጋ በል" አትበሉት። ሐይቁ ዳር ጦጣዎቹ ከእጅ ላይ ምግብ ይነጥቃሉ፣ ከረጢታችሁን ዝጉ።

ፊቼ ጨምበላላን አያለሁ ብለሽ ከሆነ በዚህ ጉዞ ላይገጥምሽ ይችላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል። ቀኑን አዋቂ ሽማግሌዎች ጨረቃና ኮከብ አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል። ሐዋሳ ላይ ጉዱማሌ ነው የሚከበረው። ጓደኛሽን አስቀድመሽ ጠይቂያት፣ ለሱ ሌላ ጊዜ ትመለሳላችሁ።

ጠያቂዋ፣ ከጉዞው በኋላ፦

ተመልሰናል። የመለሳችሁልኝ ሁሉ ተባረኩ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለእናቴ በዚያው ሳምንት ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ "ስልካቸውን ላኪልኝ" አለች። ሁለቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፤ ግን በማግስቱ እናቴ ሁለት ኪሎ ሽሮ በሰው ላከች።

ቅዳሜ ስንደርስ ዶሮ አልነበረም። እናትየው ለደሴው ልጅ አዲስ መጥበሻ ገዝተው ጠበቁት፤ እንኳን እሱ እኔም አለቀስኩ። ቡርሳሜውን በላሁ። ሽታው እንዳላችሁት ነው፣ ጣዕሙ ግን ከጠበቅኩት ውጭ ሆነብኝ፤ እሑድ ራሴ ጨምሩልኝ አልኩ። እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል ሄደን ቆሮሶ ገዝተን ገባን፤ አምስታችንም ቤተሰቡም ከአንድ ትሪ በላን። ከመብላታችን በፊት አባትየው ረጅም ጸሎት አደረጉ። የእያንዳንዳችንን እናትና አባት በስም እየጠሩ ጸለዩ፤ ለካ ማታ ስለ ቤተሰባችን የጠየቁን ስሙን ይዘውት ነው። እኔ ሲጨርሱ አማተብኩ፣ ማንም ምንም አላለኝም።

ሰኞ ጾሙ ሲገባ የእናቴን ሽሮ በዘይት ሠራሁ። የደነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ብቻ የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሁሉም ከእኔ ጋር ቀረቡ። እናትየው ወጡን ሲቀምሱ "ይሄንማ እናትሽ እንዴት እንደምታዘጋጀው ልጠይቃት" አሉ። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ ገበታው አንድ ብቻ ሆነ፤ ዋሳ ያለ ቅቤ፣ ጎመን፣ ሽሮ። ለእኛ የሃይማኖት ጣጣ ብዬ የፈራሁት ነገር እሳቸው ጓዳ ውስጥ በአንድ ድስት አለቀ። ስወጣ "ጋላቴሞ" አልኳቸው፣ ጓደኛዬ አስተምራኝ፤ ሳቁና አቀፉኝ።

አንድ ስሕተት ሠርተናል። ዘይቱንና ስኳሩን ወስደን ነበር፤ አንዱ ልጅ ግን አልበቃ ብሎት ሳይነግረን ትራስ ሥር ብር ትቶ ወጣ። መናኸሪያ መኪና ልንሳፈር ስንል እናትየው በባጃጅ ደረሱ። ብሩን መልሰው እጁ ላይ አስያዙትና "ልጄ፣ ቤትህ አልነበርክም እንዴ?" አሉት። አላዘኑበትም፤ እሱ ግን እስከ ሻሸመኔ አንድ ቃል አልተናገረም። አንድ ዘንቢል አቦካዶም አብረው ይዘው መጥተው ነበር።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ደውላ "የሐዋሳዋ እመቤት ባላቸውን ወገባቸውን ያማቸው ነበር፣ ተሻላቸው?" አለችኝ። እኔ እዚያው ቤት አራት ቀን ከርሜ መታመማቸውን አላወቅኩም ነበር።