ለቤት የሚሆን የቡና መፍጫ የቱ ይሻላል? (ለጀበና ነው)

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነን፣ ታቦር አካባቢ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ። እስካሁን ቡናችንን በሙቀጫ ነበር ምንወቅጠው፣ አሁን ግን 2 ነገር ተደራረበብን። እማዬ ትከሻዋን እያመማት ዘነዘና ማንሳት ከብዷታል፣ እኔ ደሞ ስራ ውዬ ማታ ነው ምገባው። ሌላው ከኛ በታች ያሉት አራስ አላቸው፣ ጠዋት ስንወቅጥ ድምፁ በወለሉ ወርዶ ህፃኑን ይቀሰቅሰዋል። አንድም ቀን ክፉ ተናግረውን አያውቁም ግን እኔ ራሴ እየተሳቀቅኩ ነው፣ ስለዚህ መፍጫ ልገዛ ነው።

ባለፈው ከጎረቤት አንድ ስለት ያለው፣ ክዳኑን ሲጫኑት ሚሽከረከረውን ተውሰን ሞከርን። መፍጨቱን ፈጨው ግን ጀበናው አልሰክን አለ፣ አተላው አብሮ እየወረደ እማዬ አቦሉን እንኳን ሳትጨርስ ስኒውን አስቀመጠችው፣ "ይሄማ ቡና ሳይሆን ደለል ነው" አለች፣ ከዛ ወዲህ የመፍጫ ነገር ሳነሳባት አትሰማኝም። እውነት የማሽን ችግር ነው ወይስ እኛ አጠቃቀሙን አላወቅንበትም? እህቴ ደሞ ለፋሲካ ከአሜሪካ ትመጣለች፣ ጥሩ ሚባለውን ይዤልሽ ልምጣ ብላኛለች፣ እሱን ልጠብቅ ወይስ እዚሁ ልግዛ? ቡናችን ከቤንሳ ዘመድ ሚልክልን ነው፣ ጥሬውን አጥበን እቤት ነው ምንቆላው፣ 4 ሰው ነን በቀን 2 ጊዜ እናፈላለን። መብራቱን እንደምታውቁት ነው። የተጠቀማችሁበት ካላችሁ በናታችሁ ምከሩኝ።

ጀበናዬ፦
እህቴ እናትሽ እውነቷን ነው። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ጀበና ቡና ስሸጥ 6 አመቴ ነው፣ መጀመሪያ በስለት ማሽን የፈጨሁ ሰሞን ደንበኞቼ ስኒውን ግማሽ እያደረሱ ይመልሱልኝ ነበር፣ እና ምን እንደሚያስቸግር ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ።

ስለቱ ቡናውን አይፈጭም፣ ይቆራርጠዋል። ስር ያለው ዱቄት ሲሆን ላይ ያለው ገና ግማሽ ፍሬ ነው፣ ያንን ግማሽ ፍሬ ላድቅቅ ብለሽ ስትጨምሪበት ቀድሞ የደቀቀው ጭራሽ ብናኝ ይሆናል። ማይሰክነው ያ ብናኝ ነው፣ ጀበና ውስጥ ተንሳፎ ይቆይና ስትቀጂ አብሮ ይወርዳል፣ ቡናውንም ያመረዋል። እናትሽ ስትወቅጥ በእጇ እያገላበጠች እያየች ነው፣ ሲበቃው ትተዋለች። ማሽኑ ጋ እሷ የምታደርገውን አንቺ ልታደርጊለት ነው።

መጀመሪያ ቡናው ከምጣድ እንደወረደ ትኩሱን አትክተቺው፣ ሰፌድ ላይ በትነሽ ቀዝቀዝ ይበል፣ ትኩስ ከሆነ ይለሰልስና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከግማሽ በላይ አትሙዪው። አንዴ ተጭነሽ አትቆይበት፣ 3 ሰከንድ ተጫኚ ልቀቂ፣ ማሽኑን እንዳለ አንስተሽ ወዝወዝ አድርጊው፣ ደግሞ ተጫኚ። እንዲህ 7፣ 8 ጊዜ። ከዛ ቆንጥረሽ በጣትሽ እሺው፣ ከዱቄት ሻከር ከስኳር ደቀቅ ካለ በቃው። ሚቀረውን ሽርክት በወንፊት ለይተሽ እሱን ብቻ መልሰሽ ፍጪ፣ ሙሉውን አትመልሺ! ፈልቶ ከወረደ በኋላም ጀበናውን ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርገሽ 5 ደቂቃ ታገሺው። እኔ በዚህ ነው ደንበኞቼን የመለስኳቸው።

ቮልት 220፦
እኔ ስለ ቡና ብዙ አልናገርም፣ ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው ምሰራው፣ ግን እህትሽ ጋ ዛሬውኑ ደውዪ። አሜሪካ ቤት ውስጥ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። እዛ ሱቅ ገብታ ያገኘችውን ኤሌክትሪክ መፍጫ ይዛ ከመጣች እና በቀጥታ ከሰካችሁት ወዲያው ነው ሚቃጠለው። በአል ባለፈ ቁጥር እንደዚህ የተቃጠለ መፍጫና ጁስ መምቻ ይመጣልኛል፣ ስንቱ ሰው ለናቱ ብሎ በሻንጣ ተሸክሞ ያመጣው እቃ እንደሆነ ሳስብ በጣም ነው ሚያሳዝነኝ። እቃው ስር ወይ ጀርባው ላይ ያለውን ፅሁፍ አንብባ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፣ 220-240 ካለ ይሆናል፣ 120 ብቻ ካለ ይቅርባት። ትራንስፎርመር አለ አይደል ምትሉ ትኖራላችሁ፣ አለ፣ ግን ሞተር ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ከመፍጫው ዋት እጥፍ ሚችል መግዛት አለባችሁ፣ እሱ ደሞ ከባድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ አንድ ቀን እንግዳ ሳያውቅ ግድግዳው ላይ ይሰካውና አለቀ።

እዚህ ስለት ያለውን ከገዛሽም ጀበናዬ ያለችው ተጭኖ መልቀቅ ለሞተሩም ነው ሚበጀው። ትንንሾቹ ማሽኖች ረጅም ሰአት ለመዞር አልተሰሩም፣ ብዙዎቹ ውስጥ ሲግል ሚቆርጥ ፊውዝ አለ፣ እሱ ከተበጠሰ ማሽኑ ሞተ ብለው ይጥሉታል፣ ከመጣልሽ በፊት አሳዪው። መብራት ከጠፋም ሶኬቱን ንቀዪ፣ ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው ሚመጣው። ማፅዳት ስትፈልጊም መጀመሪያ ንቀዪ፣ ጣት በስለት ሲቆረጥ አይቻለሁ።

ሐይቅ ዳር፦
ሁላችሁም ስለ ስለት ብቻ አወራችሁ፣ ጥርስ ያለው አለ እኮ። ሁለት ጥርሳም ብረት ተፋጠው ቡናው በመሀላቸው ያልፋል፣ የክፍተታቸውን ያህል ነው ሚደቀው፣ ስለዚህ ስሩም ላዩም እኩል ይሆናል ብናኙም ይቀንሳል። የወፍጮ ድንጋይ አሰራር ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ውድ ነው፣ ለምሳሌ ባራትዛ ኤንኮር ሚባለው 40 ሚሊሜትር ጥርስ እና 40 የአደቃቀቅ ደረጃ አለው፣ የ230 ቮልቱም ይሰራል፣ ግን አሜሪካ ሱቅ ላይ ሚቀመጠው የነሱው ነው፣ ቮልት እንዳለው ነው ነገሩ።

እኔ ግን ላንቺ ምመክረው የእጅ ነው። ቮልት የለውም፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያገባውም፣ እህትሽ ከየትም ገዝታ ቦርሳ ውስጥ ይዛው ትመጣለች፣ ድምፁም ጎረቤት አይደርስም። እኔ ያለኝ ታይምሞር ሲ2 ነው፣ 38 ሚሊሜትር የብረት ጥርስ፣ በአንዴ ከ20 እስከ 25 ግራም ይይዛል። 4 ሰው ስለሆናችሁ ለአንድ ጀበና ሁለት ጊዜ መሙላት ሊኖርብሽ ነው፣ እሱን ከወዲሁ እወቂው። የቤንሳ ቡና ደጋ ላይ የበቀለ ስለሆነ ፍሬው ጠንካራ ነው፣ አቆላሉ ፈዘዝ ካለ እጅ ያደክማል፣ ለጀበና እንደምንቆላው ጠቆር ካለ ግን ቶሎ ይሰበራል። ለእናትሽ ትከሻ ግን አሁንም አይሆንም፣ ማዞሩ ያው ጉልበት ይጠይቃል፣ አንቺ ማታ ፈጭተሽ ለጠዋት በደንብ ሚከደን እቃ ውስጥ አስቀምጪላት። እንደ ትኩሱ አይሆንም፣ ሽታው ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን አንድ ሌሊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከዘመድ ሚመጣ ቡና ውስጥ ጠጠር አይጠፋም። ሙቀጫ ጠጠር ቢገባበት ምንም አይሆንም፣ ጥርስ ያለው መፍጫ ግን አንድ ጠጠር ነው ሚያበላሸው፣ የሴራሚክ ጥርስ ከሆነማ ይሸረፋል። ስትለቅሙ ከበፊቱ እጥፍ ጊዜ ውሰዱ፣ ከተቆላ በኋላም አንዴ ሰፌድ ላይ እዩት።

ወፍጮ ቤት አለልሽ፦
ለምን በሳምንት አንዴ ወፍጮ ቤት አታስፈጪም? እኛ እንደዛ ነው ምናደርገው ምንም አልሆንም።

ጀበናዬ፦
ያስኬዳል ግን የተፈጨ ቡና ሳምንት ሲቀመጥ ሽታው ይሄዳል፣ 3ኛው ቀን ላይ ራስህ ታውቀዋለህ። ደሞ በርበሬና ኮረሪማ ሚፈጭበት ከሆነ ቡናው በርበሬ በርበሬ ይላል። እህቴ እቤትም ቅመም ከፈጨሽበት ቡና እንዳትፈጪበት፣ ሽታው ታጥቦም አይለቅም።

የታቦር ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጎረቤቱን ማሽን እንደገና ተውሼ ትላንት ልክ ጀበናዬ እንዳልሽኝ አደረኩ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ 3 ሰከንድ 3 ሰከንድ፣ ከዛ በወንፊት። ለእማዬ በማሽን ነው አላልኳትም። አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ በረካው ላይ "ማን ወቀጠው?" አለች። ስነግራት ወንፊቱን አምጪው አለችኝና የቀረውን ሽርክት እያየች ቆየች፣ "እንዲህ ከሆነስ" ብላ ሌላ ምንም አልተናገረችም፣ ለኔ ግን እሱ በቂ ነበር።

እህቴ ጋም ደወልኩ፣ አንዱን ኤሌክትሪክ ለመግዛት አስባ ነበር ለካ፣ ፎቶውን ስትልክልኝ 120 ቮልት ይላል። ቮልት 220 ባትነግረኝ ኖሮ አመድ ልናደርገው ነበር። አሁን የእጁን ልታመጣልኝ ነው፣ እስከዛ ጠዋት ጠዋት ለእማዬ ቀላሉን ስለት ያለውን እዚሁ እገዛለሁ። ሐይቅ ዳር የእጁ ሲመጣ ለጀበና ስንት ላይ ላድርገው?

ሐይቅ ዳር፦
ጥርሱ እስኪነካካ አጥብቂውና እሱን ዜሮ በዪው፣ ከዛ እያላላሽ ክሊኩን (ስታዞሪው ቀጭ ሚለውን) ቁጠሪ። እኔ 13 ላይ ነው ምጠቀመው፣ ካልሰከነልሽ አንድ ጨምሪ፣ ከቀጠነብሽ አንድ ቀንሺ። በየሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ አፅጂው፣ ውሃ አታስነኪው፣ ሩዝ ፈጭቶ ማፅዳት ሚሉትንም ተዪው፣ ጥርሱን ይጎዳዋል።