ኡፕሳላ፦ ከገና በፊትና በኋላ ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ምን ይቅደም?

የመጨረሻዋ-ሴሚስተር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስዊድን፣ ኡፕሳላ ነኝ፣ ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርበው ጃንዋሪ 14 ሲሆን፣ ጥምቀትን አዲስ አበባ ለመዋል የቆረጥኩት ትኬት የጃንዋሪ 17 ነው። ፐሾንኑመር (የስዊድን መለያ ቁጥር)፣ የባንክ ሒሳብና ባንክአይዲ (የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ) አለኝ። የምኖረው በተማሪ ኮሪደር ነው፤ ሻወሩ የራሴ፣ ኩሽናው የጋራ። ኮንትራቱ እስከ ጃንዋሪ 31 ነው።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። የወረቀቱን ጉዳይ በምን ቅደም ተከተል ልጨርስ? ክፍሉን ሲረከቡኝ አጥብቀው የሚያዩት ምንድን ነው? ደግሞ ጨለማው እንቅልፌን ገልብጦታል፤ ሌሊት እነቃለሁ፣ ጠዋት መነሳት አልችልም። የነቢያት ጾምም ላይ ስለሆንኩ ምን ልውሰድ? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

---

ወረቀት-አዋቂ፦

እህቴ፣ ቀኑን ከጃንዋሪ 17 ወደ ኋላ አትቁጠሪ፤ ከዲሴምበር 23 ወደ ኋላ ቁጠሪ። ዲሴምበር 24፣ 25፣ 26 እና 31፣ ጃንዋሪ 1 እና 6 ዝግ ናቸው፤ በመሃል ባሉት ቀናትም አብዛኛው ሰው ዕረፍት ይወጣል። ካላንደሩ ላይ ብዙ ሳምንት ያለሽ ይመስላል እንጂ ሰው ቢሮው ውስጥ የሚገኝባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

መጀመሪያ ጽሑፉ። ሙሉውን ረቂቅ ለአማካሪሽ ቢዘገይ እስከ ዲሴምበር 10 ላኪና አስተያየቱን እስከ 19 እንዲሰጥሽ ቀን ቆርጠሽ ጠይቂ። ስዊድኖች ቀን ሲቆረጥላቸው ደስ ይላቸዋል፣ እንደ ድፍረት አይቆጥሩትም። በበዓሉ ሰሞን ለብቻሽ የሚሠራውን ሥሪ፦ ዋቢዎች፣ የሥዕልና የሠንጠረዥ ቁጥሮች፣ አጭር መግለጫው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ለእነሱ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ 14 ያለችሽ አንድ ሳምንት ለአቀራረቡ ዝግጅት ብቻ ትሁን።

ብዙ ሰው የሚስተው ዲግሪው ላይ ነው። ስዊድን ውስጥ የዲግሪ ወረቀት በራሱ አይመጣም፤ ራስሽ በላዶክ፣ የተማሪዎች ውጤት በሚመዘገብበት ሥርዓት፣ ማመልከት አለብሽ። ለማመልከት ደግሞ የመጨረሻው ውጤት መመዝገብ አለበት፤ ይህም ካቀረብሽ በኋላ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል አንቺ አዲስ አበባ ነሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የተማሪ መግቢያሽ ከስዊድን ውጭ እንደሚሠራ አረጋግጪ፤ መልእክቶች እንዳያመልጡሽ ላዶክ ላይ ያለውን አድራሻ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ወደ ግል ኢሜይልሽ ቀይሪ፤ እስካሁን ያለውን የውጤት ዝርዝርም በፒዲኤፍ አውርጂ። ወረቀቱ በዲጂታል ማኅተም ከተሰጠሽ ፋይሉን ሳትነኪው አስቀምጪ። ማኅተሙ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ሲታተም ተራ ቅጂ ይሆናል። አገር ቤት ላለ ቀጣሪ ምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ ስቶክሆልም ያለውን ኤምባሲያችንን አሁኑኑ ጠይቂ፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማስጨረስ እጥፍ ድካም ነው።

ቀጥሎ ስካተቬርኬት፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ። ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከአገር የሚወጣ ሰው መውጣቱን ማሳወቅ አለበት፤ ጊዜው ከመሄጃው ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት ነው፣ ለአንቺ እስከ ጃንዋሪ 10። አዲሱን አድራሻ ይጠይቁሻል፤ የቤተሰብ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያዢ። ፐሾንኑመርሽ አይሰረዝም፣ ዕድሜ ልክ ያንቺ ነው።

የባንክ ሒሳቡን ግን አሁን አትዝጊው። ተቀማጭ ዲፖዚት ካለሽ፣ በትርፍ ሰዓት ሠርተሽም ከሆነ በጸደይ ከምትሞዪው የግብር መግለጫ የሚመለስ ገንዘብ ካለ፣ መግቢያው እሱ ነው። ለባንኩ አድራሻ እንደምትቀይሪ ንገሪ፤ የባንክአይዲሽን ማብቂያ ቀን አፑ ውስጥ እዪ፤ ስልክ መቀየር ካሰብሽ እዚያው ሳለሽ ቀይሪ። ከአገር ውጭ ሆኖ ባንክአይዲን እንደገና ማውጣት በጣም ያስቸግራል። የቤት ኢንሹራንስና የሞባይል ውል የማቋረጫ ማስታወቂያ ጊዜ አላቸው፤ በዚህ ሳምንት አንብቢያቸው።

---

ቁልፍ-ተረካቢ፦

ስለ ክፍሉ እኔ ልጨምር። አስቀድመሽ ኮንትራቱ በራሱ የሚያልቅ ነው ወይስ አንቺ ማቋረጥ ያለብሽ ዓይነት መሆኑን እዪ። የማቋረጫው ጊዜ ብዙ ጊዜ በሙሉ ወር ይቆጠራል፤ በጃንዋሪ 2 የገባ ማስታወቂያ የፌብሩዋሪን ኪራይ ሊያስከፍል ይችላል። የርክክብ ቀጠሮም ከበዓሉ በፊት ያዢ፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉንም ተራ እንዲሁ፤ በገና ሰሞን ሰሌዳው ይሞላል።

የሚያዩት ዓይን የማይደርስበትን ቦታ ነው። የሻወሩ ወለል ላይ ያለውን የፍሳሽ ክዳን አንሺ፤ ከሥሩ እንደ ኩባያ ያለ ነገር አለ፣ ወደ ላይ ሳቢና አውጪው። ፀጉሩንና የሳሙናውን ዝቃጭ ጠርገሽ የጎማ ቀለበቱን ሳትረሺ በቦታው መልሺው። ኩባያው ውኃ ይዞ የፍሳሹን ሽታ የሚያግድ ነው፤ ሳይመለስ ከቀረ ወይም ጎማው ከተጣመመ በማግስቱ ክፍሉ ይሸታል፣ ተረካቢውም ተበላሽቷል ብሎ ይጽፋል።

የነጭ ድንጋይ ቅሪቱን ከቧንቧና ከሻወር መስታወት በአቼቶ አንሺ። ሱቅ ውስጥ 24 በመቶ የሆነ ጠንካራ አቼቶ ይሸጣል፤ አንዱን እጅ በሦስት እጅ ውኃ አቅጥኚው፣ ጓንት አድርጊ፣ በጨርቅ ነክረሽ 30 ደቂቃ ጠቅልለሽ ተዪው። ከበረኪና ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ሻወር ቤቱም መስኮት የለውም።

መስኮቱ ሁለት መስታወት የተጣበቀ መስሎ የሚከፈት ከሆነ ጎኑ ላይ ብሎኖች አሉት፤ ፈትተሽ አራቱንም ገጽ አጽጂ። ከዜሮ በታች ሲሆን ውኃው መስታወቱ ላይ ይጋገራል፤ ቀን እኩለ ቀን አካባቢ፣ የማይቀዘቅዝ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ትንሽ ቀላቅለሽ ሥሪ። ከመስኮቱ በላይ የአየር ማስገቢያ ካለ ማጣሪያው ጥቁር ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ እሱንም።

የጋራ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለሽን መሳቢያ ከ24 ሰዓት በፊት ባዶ አድርጊ። በረዶውን በቢላ አትፈልፍዪው፤ ግድግዳው ውስጥ የጋዝ ቱቦ አለ። በሙቅ ውኃ የተሞላ ድስት ውስጡ አስቀምጠሽ በሩን ክፈቺ፣ ፎጣ ከሥር።

ስትወጪ ማሞቂያውን አታጥፊ፤ መስኮትም ክፍት አትተዪ። የቀዘቀዘ ቧንቧ ሲፈነዳ ዕዳው ከዲፖዚት በላይ ነው። ቁልፍ ከማስረከብሽ በፊት ሁሉንም ጥግ ፎቶ አንሺ፣ የፍሳሹን ውስጥ ጭምር። ቁልፍ ስትሰጪም ደረሰኝ ጠይቂ።

---

የቀን-ብርሃን፦

ስለ ጨለማው። ሰዓቱን በስዊድን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ኡፕሳላ ፀሐይ የምትወጣው 8:50 ገደማ፣ የምትጠልቀው 14:45 ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው ያለሽ፣ ያም ብዙ ጊዜ ደመና። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሆነሽ ያንን ሰዓት ካሳለፍሽ ሰውነትሽ ቀኑን ሳያየው ይመሻል፣ እንቅልፍም የሚገለበጠው በዚህ ነው።

ደመናማ ቀን እንኳ ከቤት መብራት ብዙ እጥፍ ያበራል። ከ10 እስከ 13 ባለው ጊዜ 30 ደቂቃ ውጪ፤ የጽሑፉን ከባድ ክፍል ከዚያ በፊት አድርጊው። የብርሃን መብራት ከገዛሽ 10,000 ሉክስ የሚል ይሁን፤ ያ ቁጥር የሚሠራው አምራቹ በጻፈው ርቀት ብቻ ነው፣ ጠረጴዛው ዳር ከሸሸ ጥቅሙ ይጠፋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከተነሣሽ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ። ማታ ማብራት እንቅልፉን ይበልጥ ያባብሰዋል። የዓይን በሽታ ወይም የስሜት መዋዠቅ ሕክምና ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምረው።

ቫይታሚን ዲ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መብራቱ አይሰጥሽም። በዚያ ኬክሮስ ከኦክቶበር እስከ ማርች ገደማ ያለው ፀሐይ ቆዳ ላይ ቫይታሚኑን ለመሥራት አይበቃም፤ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን 10 ማይክሮግራም ነው፤ ጥቅሉ ላይ 400 ዩኒት የሚለው ያው ነው። ስዊድኖች አንድ ክፍሉን የሚያገኙት ከተጨመረበት ወተት ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ወተት የማትጠጪ ከሆነ ያ በር ተዘግቷል። የአጃ መጠጥ ግዢ፣ ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት መሆኑን ግን ከጀርባው አንብቢ፣ ሁሉም የለውም። ክኒኑ ላይ ዲ3 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ሱፍ ቅባት የሚሠራ ነው፤ ለጾም ካሳሰበሽ ከዕፅዋት የተሠራ የሚለውን ምረጪ። ሐዘኑ ከእንቅልፍ አልፎ ምግብና ሥራ እስከ መተው ከደረሰ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 1177 ደውዪ፤ በእንግሊዝኛ ያናግሩሻል።

---

የመጨረሻዋ-ሴሚስተር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁሉንም ጻፍኩት። የቀረኝ ብስክሌቱና ሻንጣው ነው። የብስክሌቱ ቁልፍ በረዶ ይዞት አልከፈትም ብሏል፣ ሙቅ ውኃ ላፍስበት?

---

ወረቀት-አዋቂ፦

አታፍሺ። ውኃው ውስጡ ገብቶ በሰዓት ውስጥ ይበልጥ ይጋገራል። የቁልፍ በረዶ ማቅለጫ ስፕሬይ ነዳጅ ማደያ ይሸጣል፤ ከሌለ ቁልፉን በእሳት ማቀጣጠያ ትንሽ አሙቀሽ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ አትጠምዝዢው፣ ውስጥ ይሰበራል። ሲከፈት ዘይት ጨምሪበት። ሽያጩን በተመለከተ፣ አዲሶቹ የጸደይ ተማሪዎች የሚገቡት ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው። ማስታወቂያውን በመጀመሪያው ሳምንት አውጪ፤ ብስክሌቱን፣ ፍራሹንና ድስቱን አንድ ላይ ለአንድ ሰው መስጠት ለየብቻ ከመሸጥ ይቀላል።

ሻንጣው ላይ የአየር መምጠጫ ከረጢት ቦታ ይቆጥባል እንጂ ክብደት አይቀንስም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋሽ፣ በትኬትሽ የተፈቀደው 23 ኪሎ ከሆነ 22 ላይ አቁሚ። ቦቲና ጃኬቱን ለብሰሽ ሂጂ፣ ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ ብቻ። ለአዲስ አበባ የጃንዋሪ ጠዋት ሹራብ ይበቃል፤ ወፍራሙን ጃኬት አስቀድመሽ ለሚቀጥለው ተማሪ ቃል ግቢለት፣ አርላንዳ አየር ማረፊያ ድረስ የሚሸኝሽ ከሆነ እዚያው አውልቀሽ ስጪው።

ወደ አርላንዳ ባቡሩ ከኡፕሳላ ጣቢያ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሐዲዱ ላይ በረዶ ሲያይል ግን ይዘገያል። 801 ቁጥር አውቶቡስ ቀርፋፋ ቢሆንም የአየር ማረፊያውን ጣቢያ ማለፊያ ክፍያ አይጠይቅም። ከምትፈልጊው ሁለት ጉዞ ቀድመሽ ውጪ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽንም ከፓስፖርቱ ጋር በእጅሽ ያዢ፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።