500 ፑሽ አፕ በአንድ ቀን፦ የሚዝለው ክንድ ነው ወይስ ልብ?

ጀማሪው፦
በአንድ ቀን 500 ፑሽ አፕ መጨረስን ግብ አድርጌ ይዣለሁ። 200 አካባቢ ስደርስ ክንዴ ገና አቅም እያለው ልቤ «ለዛሬ ይበቃል» ይለኛል። ከዚያ በኋላ ደረቴ ወለሉ ጋር ሳይደርስ መመለስ ይጀምራል። እናንተ ይህን እንዴት ታልፉታላችሁ?

ቆጣሪው፦
ወንድሜ፣ 500ን ከፊትህ ገትረህ አትጀምር። እኔ የምሠራው በሰዓት ነው፤ ደቂቃው በገባ ቁጥር 10፣ የተረፈው ሰከንድ ዕረፍት። በ50 ደቂቃ ያልቃል። ዋናው ጥቅሙ «ልቀጥል ወይስ ልተው» የሚለውን ሙግት ሰዓቱ ስለሚቆርጠው ነው። 10 ከከበደህ በ5 ጀምር፤ በየዙሩ ሦስት አራት የምትሠራበት አቅም ይትረፍህ። ጡንቻህ እስኪከዳህ ከገፋኸው ቀጣዩ ዙር ይበላሻል። በነገራችን ላይ፣ ያልወረደ ደረት አይቆጠርም! በዚህ ምሕረት የለኝም።

እርጋታ፦
ፈቃደ ኃይል መልካም ነው፤ ጅማት ግን ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ቁጥሩን በሳምንት በሳምንት ጨምር። ሰውነት ያልለመደውን ብዛት በአንድ ጊዜ መጫን ጡንቻን አፍርሶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሽንትህ ከጠቆረ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ቀጣዩ ዙር አትሂድ።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ፤ ነገ በየደቂቃው በ5 እጀምራለሁ። መዳፌን ስዘረጋ ግን የእጄ አንጓ ያመኛል። በቡጢ ቢሆንስ?

ቆጣሪው፦
ይቻላል፤ አንጓህ ቀጥ ይልልሃል። ከሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፍ።