ኮፒያፖዋ ወደ ሳይተስ አባሪ 1 ይግባ ወይስ ባለበት ይቆይ?

የመነሻ ጥያቄ፦ የቺሊው አታካማ በረሃ ካክተስ ኮፒያፖዋ ዛሬ ያለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ በሳይተስ፣ አባሪ 2 ላይ ነው፤ በፈቃድ ይነገድበታል። በእ.ኤ.አ. 2013 ለመጥፋት የተጋለጡት ዝርያዎቹ 55 በመቶ ነበሩ፤ በ2024 የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (IUCN) ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን የሚዘረዝርበት ቀይ መዝገብ 82 በመቶ ደርሰዋል ብሏል። የዱሩን ንግድ ወደሚከለክለው አባሪ 1 ይዛወር?

ተመራማሪዋ፦ ይግባ እንጂ! በዓመት ቢያድግ አንድ ሴንቲሜትር ነው። ኳስ የሚያክል አንዱ ሲነቀል አሥርት ዓመታት አብረው ይነቀላሉ። የሚጠጣው ካማንቻካ የሚባለውን የባሕር ጭጋግ ነው፤ ጭጋጉ ሲሳሳ የተነቀለውን የሚተካ ችግኝ አይበቅልም። በ2020 ጣሊያን ውስጥ ከ1,000 በላይ የቺሊ ካክተሶች የተያዙት እንዲሁ ሲዘረፍ ቆይቶ ነው።

ዘር አብቃዩ፦ እህቴ፣ ያለ ፈቃድ የወጣ ተክል በሁለቱም አባሪ ሕገወጥ ነው፤ እነዚያም የተያዙት በአባሪ 2 ነው። የሚለወጠው የዘሩ ነገር ነው። አሁን ከሜክሲኮ ከሚወጣው በቀር የአባሪ 2 ካክተስ ዘር ፈቃድ አይጠየቅበትም። አባሪ 1 ከገባ ለ20 ፍሬም ወረቀት ማውጣት ሊመጣ ነው። ከዘር ያደገ ተክል ካልረከሰ የበረሃው ገበያ በምን ይቀዘቅዛል?

ተመራማሪዋ፦ ዘራፊው የሚሸጠው ያረጀውን፣ ነጭ ሰም የለበሰውን ነው። የሦስት ዓመት ችግኝ ለዚያ ገዢ ምትክ አይሆንም።

ጉምሩክ ፈታሹ፦ አባሪው የትም ይሁን፣ ፍተሻው ካልተለወጠ ዋጋ የለውም። ከበረሃ የመጣው ዋና ሥሩ ተቆርጧል፣ ታችኛው ገላው እንደ ቡሽ ደርቋል፣ እሾሁ ተሰባብሯል፣ አንዳንዴም የድንጋይ ሽበት ተጣብቆበታል። ማሳደጊያ ቤት ያደገው ክብ፣ ሙሉ፣ አረንጓዴ ያዘነበለ ነው፤ ሥሩም ቀጫጭን። ችግሩ፣ የተዘረፈው ሁለት ሦስት ዓመት ማሰሮ ውስጥ ከከረመ አዲስ ሥርና አዲስ እሾህ ያወጣል፤ ያኔ ፈቃዱ ላይ በሰው የተባዛ መሆኑን የሚያሳየው «ኤ» ይጻፍለታል። ላዩን ብቻ ያየ ይሸወዳል። አዙራችሁ ታችኛውን ግማሽ እዩ፤ እሱ አይታደስም።

ተመራማሪዋ፦ ለዚህም መልስ አለ። አባሪ 1 ላይ ያሉ ዕፅዋትን አባዝተው የሚልኩ ማሳደጊያ ቤቶች በሳይተስ ጽሕፈት ቤት የሚመዘገቡበት አሠራር አለ። እናት ተክሉ ከየት መጣ፣ መቼ ተዘራ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መዝገብ የሌለው ሻጭ ትልቅ ተክል ይዞ ሲቀርብ ጥርጣሬው ከዚያ ይጀምራል።

ዘር አብቃዩ፦ በመዝገቡ እስማማለሁ፤ ትልልቆቹን ተክሎች በተመለከተ ልክ ነሽ። ለዘር የሚሰጠው ፈቃድ ግን በስንት ቀን እንደሚያልቅ ሳይወሰን ድጋፌን አልሰጥም። የካክተስ ዘር ሲቆይ የመብቀል አቅሙ ይወርዳል፤ ወረቀት ሲጠብቅ የከረመ ዘር ደግሞ ማንንም ከዱሩ ተክል አያስጥልም።