«ታላሳ»፦ ለምን «ኤሪትራስ»፣ ለምንስ «ታላሴስ»?

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ አዱሊስን የሚጠቅሰው የጥንቱ የመርከበኞች መጽሐፍ በጽርእ (በጥንቱ ግሪክኛ) «ፔሪፕሉስ ቴስ ኤሪትራስ ታላሴስ» ይባላል፤ «ኤሪትራ» ቀይ፣ «ታላሳ» ባሕር ማለት ነው። ሁለቱም አንስታይ፣ ሁለቱም ዘርፍ («የቀይ ባሕር» እንደምንለው በ«የ» የሚነገር) ከሆኑ አንዱ በ«አስ» ሌላው በ«ኤስ» የሚያልቀው ለምንድን ነው? የኅትመት ስሕተት መስሎኝ ነበር።

መልስ፦ የለም፣ ልክ ነው። ባለቤት ሲሆን «ታላሳ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ታላሳን» ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «አ» አጭር ናት። ዘርፍ ሲሆን ግን ወደ ረጅም «ኤ» ትዞርና «ታላሴስ» ይመጣል። የ«ኤሪትራ» «አ» ረጅም ናት፤ ከፊቷም «ር» ስላለ ንቅንቅ አትልም። መስማማታቸውን መጨረሻቸው ላይ አትፈልገው፤ «ቴስ» የምትለዋን መስተአምር (እንደ እንግሊዝኛው «the» ከስም በፊት የምትገባዋን ቃል) እያት፣ ለሁለቱም እሷው ናት።

እኔን የሚገርመኝ ግእዙ ነው። ጽርኡ «ኤሪትራ»ን ቅጽል አድርጎ «ቀይዋ ባሕር» ይላል። የእኛ ተርጓሚ ግን «ቀይሕ» አላለም፤ ቃሉን እንዳለ ስም አድርጎ ወሰደውና «ባሕረ ኤርትራ» (የኤርትራ ባሕር) ብሎ አናበበው። ዳዊት የደገመ ሁሉ «ወገሠጻ ለባሕረ ኤርትራ ወየብሰት»ን (የኤርትራን ባሕር ገሠጻት፣ ደረቀችም) ያውቃታል። ጣሊያን በ1890 እ.ኤ.አ. ቅኝ ግዛቱን የሰየመውም ከዚሁ ቃል ነው።

ሌላ መልስ፦ «ሃልስ»ን አትርሱ እንጂ! «ሆ ሃልስ» በወንድ ሲጠራ ጨው ነው፤ «ሄ ሃልስ» በሴት ሲጠራ ባሕር፣ በተለይ በሆሜር ግጥም። ቃሉ ሳይነካ መስተአምሩ ብቻ ተለውጦ ትርጉሙ ይገለበጣል። «ፖንቶስ» ደግሞ ወንድ፣ «ፔላጎስ» ግዑዝ ጾታ ነው፤ እንግዲህ የግሪክ ባሕር በሦስቱም ጾታ ይጠራል ማለት ነው። «ታላሳ» ራሷ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ከግሪኮች በፊት በዚያ ምድር ከነበረ ቋንቋ የተወረሰች ናት። አቴናውያን «ታላታ» ይሏታል፤ የግሪኩ ጸሐፊና የጦር መሪ የዜኖፎን ወታደሮች ከፋርስ ሲመለሱ ጥቁር ባሕርን ከተራራ ላይ አይተው የጮኹት «ታላታ! ታላታ!» እያሉ ነው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ የጥምቀቱ ምስባክ (በዜማ የሚሰበከው የዳዊት ጥቅስ) «ባሕርኒ ርእየት ወጐየት» (ባሕርም አየች፣ ሸሸችም) ሲል ባሕርን ሴት ያደረጋት «ታላሳ» ትሆን?

መልስ፦ አትቸኩል ወንድሜ። ግእዝ ሰው ያልሆነውን ነገር አንዴ በወንድ አንዴ በሴት ይጠራል። በዚህች ጥቅስ ከጽርኡ ጋር ገጥሟል፤ ከዚያ የመጣ ነው ለማለት ግን «ባሕር» በወንድ የተጠራበትንም ቦታ ለቅመህ ማመሳከር አለብህ።